ለዒላማ ተኩስ ከድምፅ ማፈኛ ጋር፦ የትኛው ባለ ቃታ .22 ይሻለኛል?

ማለዳ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ወዳጆች። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ጠመንጃ ስተኩስ ቆይቼ አሁን የራሴን ልገዛ ነው። የጠመንጃው ፈቃድ እጄ ላይ ነው፣ የማፈኛውም ለብቻው ወጥቶልኛል። እስከ ዛሬ የተኮስኩበት በራሱ የሚያጎርስ .22 (ትንሿን ባለ 0.22 ኢንች ጥይት የሚተኩስ) ነበር። አሁን የምፈልገው ባለ ቃታ ነው። እንዳንለያይ፣ ቃታ የምለው በእጅ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚጎተተውን ነው፤ በጣት የሚሳበውን ምላጭ እለዋለሁ። አንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ቃታ ስለሚል ነው።

የምተኩሰው ወረቀት ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሜትር፣ አልፎ አልፎ በ100። አደን የለም፣ ውድድርም ለጊዜው አላሰብኩም። ማፈኛ የፈለግኩት ለጆሮዬ ብዬ ነው። ተኩሼ በመጣሁ ማታ ጋደም ስል ግራ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ፌንጣ የሚጮህ ነገር ጀምሮኛል። ቀኝ እጅ ተኳሽ ስለሆንኩ ወደ አፈሙዙ የሚዞረው ግራው ነው።

ያየኋቸው አራት ናቸው፦ ሲዜድ 457፣ ቲካ ቲ1ኤክስ፣ ቤርጋራ ቢ-14 አር እና ሳቬጅ ማርክ 2 ባለ አጭር በርሜሉ። ሁሉም አፈሙዛቸው ላይ ማፈኛው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ወጥቶላቸው የሚመጣ ዓይነት አላቸው። ሁለት ነገር ግራ ገብቶኛል። አንደኛ፣ የትኛው? ሁለተኛ፣ በርሜሉ 42 ሳንቲ ሜትር ይሁን ወይስ ከ50 በላይ? ያያችሁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ሃያ ሁለት

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ሲዜድ 457 ባለ 42 ሳንቲ ሜትር በርሜል ይዤ አራተኛ ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ ወደ እሱ ማድላቴን አስቀድመህ እወቅልኝ።

የሲዜዱ ቃታ 60 ዲግሪ ብቻ ነው የሚነሣው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ነገር ግን የማነጣጠሪያ መነጽርህን ዝቅ አድርገህ ስታሥር ጣትህ ከመነጽሩ ጋር አይጋጭም፣ ጉንጭህን ከሰደፉ ሳታነሣም ታጎርሳለህ። ምላጩ ይስተካከላል። በርሜሉም በባለቤቱ እጅ የሚፈታ ነው፤ ነገ ሐሳብህን ብትቀይር ሌላ በርሜል ታስገባበታለህ።

ቲካውን የጓደኛዬን ብዙ ጊዜ ተኩሼበታለሁ። ፊንላንድ፣ ሪሂማኪ ነው የሚሠራው። ከትልቁ ወንድሙ ከቲ3ኤክስ ጋር አንድ ዓይነት የሰደፍ መቀመጫ ስላለው ሰደፍ ማማረጥ ለሚወድ ሰው ሰፊ ነው። ቃታው ቅባት ላይ እንደሚንሸራተት ነው የሚሄደው። ቤርጋራው የሬሚንግተን 700ን ቅርጽ የያዘ ነው፤ ትልቅ ጠመንጃ የለመደ ሰው ወዲያው ይግባባዋል፣ ለእሱ የተሠሩ ምላጮችና ሰደፎችም ብዙ ናቸው። ሳቬጁ ከአራቱ ቀለል ያለ አሠራር ያለው ነው፣ የቃታው አካሄድ ሻከር ይላል፣ ወረቀት ላይ ግን አያሳፍርም።

በርሜሉን አጭሩን ውሰድ። ማፈኛው በላዩ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምርበታል። በ52 ላይ 14 ጨምረህ ስትይዘው ምርኩዝ የያዝክ ይመስልሃል።

ቀለህ ለቃሚ

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጠመንጃውን አትምረጥ፤ መጀመሪያ ጥይቱን ምረጥ። ይህን የምለው ስድስት ዓመት ሙሉ የእያንዳንዱን ሣጥን ውጤት ደብተር ላይ ስጽፍ ኖሬ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማፈኛው የሚይዘው ከአፈሙዙ የሚወጣውን የጋዝ ጩኸት ብቻ ነው። ጥይቷ ራሷ ከድምፅ ከፈጠነች አየሩን ስትሰነጥቅ የምታሰማውን ጅራፍ የመሰለ ጩኸት ምንም ዓይነት ማፈኛ አይነካውም፤ ከአፈሙዙ ከወጣች በኋላ የሚፈጠር ነዋ! ድምፅ በ0 ዲግሪ በሴኮንድ 331 ሜትር፣ በ20 ዲግሪ 343፣ በ30 ዲግሪ 349 ሜትር ያህል ይሄዳል። የቦታው ከፍታ ለዚህ ቁጥር ለውጥ አያመጣም፤ ወሳኙ ሙቀቱ ነው።

አሁን ጥይቶቹን ከዚህ ጋር አስተያያቸው። ፈጣን የሚባሉት ባለ 40 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ሚኒ-ማግ ዓይነቶች በሴኮንድ 376 ሜትር ይወጣሉ፤ እነሱ ምን ጊዜም ይጮኻሉ። ስታንዳርድ ፍጥነት የሚባሉት፣ እንደ ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲና ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ ያሉት፣ 326 እና 327 ላይ ናቸው። ኢሌይ ቴኔክስም ከ331 አያልፍም። የዒላማ ጥይት ሠሪዎች ከድምፅ በታች የሚቆዩት ለጸጥታ ብለው አይደለም። ከድምፅ በላይ ተነሥታ መንገድ ላይ ወደ ታች የምትሻገር ጥይት በመሻገሪያዋ ላይ ትናወጣለች፤ ጸጥታውና ኢላማው አንድ ላይ መምጣታቸው የእኛ ዕድል ነው።

ግን 327 ማለት አማካይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አየሩ 2 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ጥይቶቹን ካፖርቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይዤ ሜዳ ሄድኩ። የመጀመሪያዋ "ጵፍ" አለች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋ እንደ ጅራፍ ጮኸች። ከአሥሩ ሦስቱ ጮኹ። ማፈኛው ተፈትቶ እንደሆነ ብዬ ነካሁት፣ ጥብቅ ነው። ገላጋይ የሆነኝ ቴርሞሜትሩ ነበር፦ በ2 ዲግሪ የድምፅ ፍጥነት 332 ነው፣ ጥይቶቼ ደግሞ ገላዬ ላይ ሞቀዋል። ባሩድ ሲሞቅ ይፈጥናል። የሞቀ ጥይትና የቀዘቀዘ አየር ሲገናኙ ከዚህ የከፋ ጥምረት የለም። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑን ከውጭ፣ ጠመንጃው አጠገብ ነው የማስቀምጠው።

ማለዳ

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ አመሰግናለሁ። እንግዲያው በማፈኛና በስታንዳርድ ጥይት ጆሮ መክደኛዬን ላወልቅ እችላለሁ ማለት ነው?

ቀለህ ለቃሚ

እኔ አላወልቅም። ያለ ማፈኛ .22 ጠመንጃ ወደ 140 ዴሲቤል ይጠጋል፤ ጆሮን በአንድ ምት ይጎዳል የሚባለው መስመር እሱ ነው። በጥሩ ማፈኛና ከድምፅ በታች በሆነ ጥይት ከ115 እስከ 120 አካባቢ ይወርዳል። ትልቅ ቅናሽ ነው፣ ነገር ግን ድምፅ አልባ አይደለም። ፊልም ላይ የምንሰማው ሹክሹክታ ሐሰት ነው። ጆሮህ ደግሞ ቀድሞውኑ ተጎድቷል፣ ስለዚህ ለአንተ አደራ እላለሁ። በዚያ ላይ አጠገብህ የሚተኩሰው ሰው ማፈኛ አይኖረው ይሆናል።

ባለ ቃታ መምረጥህ ግን በትክክል ነው። በራሱ የሚያጎርሰው ጠመንጃ ሲተኩስ ወደ ኋላ ይከፈታል፤ ብረቱ ሲጋጭ ይሰማል፣ ማፈኛው የያዘው ጋዝም በዚያው በኩል ፊትህ ላይ ይመለሳል። የባለ ቃታው አንተ እስክትከፍተው ዝግ ነው። የመርፌዋን ጠቅታ ሁሉ ትሰማታለህ።

ባለ ቶርኖ

እንደምን ዋላችሁ። ቶርኖ ላይ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፣ የጠመንጃ አፈሙዝም ብዙ ቆርጫለሁ። የምርት ስም ላይ መከራከራችሁን አልነቅፍም፣ ለማፈኛ የሚሆን ጠመንጃ ግን ከሁሉ በፊት የሚታየው በመጨረሻዋ ሁለት ሳንቲ ሜትር ላይ ነው።

አፈሙዙ ላይ ያለው ጥርስ ሁለት ዓይነት ሆኖ ታገኘዋለህ። ሁለቱም ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ አንዱ በአንድ ኢንች ውስጥ 28 ጥርስ፣ ሌላው 20 ጥርስ አለው። በዓይን ብታያቸው አትለያቸውም። ባለ 28ቱን አፈሙዝ በባለ 20ው ማፈኛ ብትሞክረው መጀመሪያ ይይዝልሃል፣ ከዚያ ይጠብቃል፣ "ትንሽ ልግፋው" ያልክ ዕለት ሁለቱንም ታበላሻለህ። አንዱ ጠመንጃ በሁለቱም ዓይነት ለተለያየ አገር ስለሚወጣ የጠመንጃው ስም ብቻውን አይበቃም፤ በርሜሉ ላይ የተጻፈውን አንብብ። አገናኝ ቀለበት አለ ይሉሃል፤ አለ፣ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ መጋጠሚያ ለመጣመም አንድ ተጨማሪ ዕድል ነው።

ሁለተኛው ትከሻው ነው። ማፈኛው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በጥርሱ አይደለም፤ ጥርሱ ሲያልቅ በርሜሉ በሚሰፋበት ጠርዝ ላይ ተደግፎ ነው። ያ ጠርዝ ከጥይቱ መንገድ ጋር ልክ እንደ ማዕዘን ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ቀጭን በርሜል ላይ ግማሽ ኢንች ጥርስ ሲወጣ ለትከሻ የሚተርፈው ብረት እንደ ክር የቀጠነ ነው። ወፍራሙን በርሜል እንድትወስድ የምመክርህ ለዚህ ነው፤ ክብደቱን ለጊዜው እርሳው።

በራሴ የደረሰ ልንገርህ። ከብዙ ዓመት በፊት ጊዜ አጥቼ የራሴን ጠመንጃ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሰጠሁት። በርሜሉን በውጭ ቆዳው አማክሎ ቆረጠው። የበርሜል ቀዳዳ ግን ሁልጊዜ ከውጭ ቆዳው ጋር አንድ መሐል የለውም። ሳላረጋግጥ ተኮስኩ። አምስተኛዋ ጥይት ዒላማው ላይ በጎኗ ተጋድማ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ቅርጽ ትታ አለፈች። ማፈኛውን ስፈታው የመጨረሻው ባፍል (ማፈኛውን ከውስጥ የሚከፋፍለው ባለ ቀዳዳ ግድግዳ) ከንፈሩ ተፍቆ እርሳስ ተለጥፎበት አገኘሁት። ሰውየውን አልቀየምኩትም፤ ሳላይ የተኮስኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ማንም ይቁረጠው፣ ፋብሪካም ቢሆን፣ አንተ እይ። ካዝናውን አውጣ፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ ንቀል፣ ቻምበሩ (ጥይቱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ) ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ ማፈኛውን አሥረህ በበርሜሉ ልክ የተሠራ ቀጥ ያለ ዘንግ ከኋላ አስገባ። ዘንጉ በማፈኛው ጫፍ ቀዳዳ መሐል ላይ ከወጣ ጥሩ ነው። ወደ አንድ ወገን ካደላ አትተኩስበት።

ማለዳ

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው። ዘንጉን ከአሁኑ አዝዣለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ማፈኛው ሲታሠርና ሲፈታ የጥይቱ ማረፊያ ይቀየራል ይላሉ። እውነት ነው?

እርጋታ

ይህን እኔ ልመልስ፣ ጋሼ ይፈቅዱልኝ። እውነት ነው፣ ይቀየራል። በርሜል ሲተኮስ ይርገበገባል፤ ጫፉ ላይ ከ100 እስከ 200 ግራም ስታንጠለጥልበት ርግብግቡ ይለወጣል። የእኔ በ50 ሜትር ወደ ታችና ትንሽ ወደ ግራ አንድ ጣት ያህል ይወርዳል። ግን ሁልጊዜ ያው ቦታ ላይ ነው የሚወርደው፣ ያ ነው ዋናው። አንዴ አስተካክዬ ማፈኛውን ሳልፈታ እተኩሳለሁ። የማረፊያ ቦታው የሚንከራተት ከሆነ ማፈኛው ላልቷል ማለት ነው። በየአሥር ጥይቱ በእጄ ነካ አደርገዋለሁ፣ ልማድ ሆኖብኛል።

አሁን ወደ በርሜሉ ርዝመት። ከሃያ ሁለት ጋር እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ተኝቼ በማሠሪያ የምተኩስ ነኝ፣ በርሜሌ 66 ሳንቲ ሜትር ነው። ረጅም በርሜል ወደ ፊት ክብደት አለው፣ አፈሙዙም ቶሎ ቶሎ አይወዛወዝም። ጀማሪ ሰው አጭርና ቀላል ጠመንጃ ሲይዝ ልቡ በመታ ቁጥር ጫፉ ይዘላል።

ሃያ ሁለት

እህቴ፣ አንቺ የምትተኩሺው ያለ መነጽር ነው፤ ለአንቺ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት በረዘመ ቁጥር ይሻላል። ማለዳ መነጽር ነው የሚያሥረው። ለፍጥነትም ቢሆን የ.22 ባሩድ ከ40 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በርሜል ለስታንዳርድ ጥይት ሰበቃ ነው የሚሆነው፣ እንዲያውም ትንሽ ያዘገየዋል። አጭሩ በርሜል ምን አጎደለበት?

እርጋታ

ስለ መነጽሩ ልክ ብለሃል፣ እሱን አላሰብኩትም። ስለ ፍጥነቱም አልከራከርም። ስለ ሚዛኑ ግን በአቋሜ ነኝ፤ አጭር ከሆነ ወፍራም ይሁን። ጋሼ ለትከሻው ብለው ያሉት ለእኔም ለመረጋጋቱ ይሆነኛል። አጭር ወፍራም በርሜል ላይ ማፈኛው ሲጨመር ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣና እኔ የምፈልገው ነገር ይገኛል።

ማለዳ፣ አንተ ግን ከርዝመቱ በላይ ልብ ብለህ የምታየው ምላጩን ነው። አራቱንም ባዶ ጠመንጃ ላይ ሞክራቸው፣ መጀመሪያ የሻጩን ፈቃድ ጠይቅ፤ የሪምፋየር (እንደ .22 ቀለሁ ጠርዙ ላይ ተመትቶ የሚተኮስ) መርፌ ባዶ ቻምበር ላይ ሲመታ የቻምበሩን ጠርዝ የሚጎዳበት ጠመንጃ አለ። መመሪያው ካልፈቀደ የፕላስቲክ መለማመጃ ጥይት ይግባበት። ዓይንህን ጨፍነህ ሳብ። መቼ እንደሚለቅ አስቀድመህ ካወቅክ፣ ሲለቅም ጠመንጃው ካልነቃነቀህ፣ እሱ ያንተ ነው። ጉንጭህን ሰደፉ ላይ ጥለህ ዓይንህን ስትከፍት መነጽሩ ሙሉ ክብ ሆኖ ካልታየህ ሰደፉ አይመጥንህም፤ ጥላ ይገባብሃል፣ አንገትህም ይደክማል።

ቀለህ ለቃሚ

እርጋታ ያለችው ላይ ስለ መነጽሩ ልጨምር። የትልልቅ ጠመንጃ መነጽሮች ከርቀት ጋር ያላቸው ማስተካከያ ቋሚ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 100 ያርድ አካባቢ ላይ ተቆልፏል። በ50 ሜትር ዓይንህን ትንሽ ስታንቀሳቅስ መስቀሉ ዒላማው ላይ ይሄዳል። ለሪምፋየር የተሠራ ወይም በጎን የሚስተካከል ውሰድ።

ስለ 100 ሜትሩም እናውራ፣ ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚያ ነው። በ50 ሜትር አስተካክለህ በ100 ስትተኩስ ስታንዳርድ ጥይት ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ታርፋለች። ያ በመነጽሩ ይሞላል፣ ችግር የለውም። ችግሩ የፍጥነት ልዩነቱ ነው። ጥይቷ 100 ሜትር ለመድረስ ከሴኮንድ ሢሶ ያህል ይፈጅባታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከበርሜሉ መስመር ግማሽ ሜትር ያህል ትወድቃለች። አንዷ በ322፣ ሌላዋ በ332 ሜትር ብትወጣ ልዩነቱ 3 በመቶ ነው፣ የውድቀቱ ልዩነት ግን እጥፍ፣ 6 በመቶ ይሆናል። ይህ በወረቀቱ ላይ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ የቁመት ልዩነት ነው፤ አንተ ምንም ሳታጠፋ! በ50 ሜትር ያው ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በዓለም አቀፉ የ50 ሜትር ዒላማ ላይ የአሥሯ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር መሆኑን አስብ።

ስለዚህ አራት አምስት ዓይነት ጥይት አንድ አንድ ሣጥን ገዝተህ ራስህ ፈትን። በአንድ ስም ውስጥም ሣጥኑ ላይ የታተመው የሎት (የአንድ ዙር ምርት) ቁጥር ሲለያይ ጠመንጃህ ሌላ መልስ ይሰጣል። ለጎረቤትህ የተሰበሰበችው ጥይት ለአንተ ልትበተን ትችላለች። ጥይት በቀየርክ ቁጥር በርሜሉ የአዲሱን ሰም እስኪለምድ የመጀመሪያዎቹን አሥር አሥራ አምስት አትቁጠራቸው።

አዲስ ገብ

ሰላም፣ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ማፈኛውን ራሴ ብሠራው ወይም ከሌላ ዕቃ ቀይሬ ብጠቀምበትስ? ፈቃዱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል አሉኝ።

አስተባባሪ

አይሆንም ወንድሜ። ያለ ፈቃድ ማፈኛ መሥራት በብዙ አገር ከባድ ወንጀል ነው፣ እዚህ መድረክ ላይም ስለ አሠራሩ አይወራም። ስለዚሁ የመጡ ሁለት መልሶችን አንሥቻለሁ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያል፤ አንዱ ጋ ከጠመንጃው ጋር አብሮ ይፈቀዳል፣ ሌላው ጋ የራሱ ፈቃድ አለው፣ ሌላው ጋ ጭራሽ ክልክል ነው። የምትኖርበትን አገር ሕግ ከራሱ ከሚመለከተው ክፍል ጠይቅ። ወደ ርዕሱ ተመለሱ።

ባለ ቶርኖ

አስተባባሪው ደግ አድርገሃል።

አዲስ ገብ፣ አትቀየም። የመጀመሪያውን ለገበያ የበቃ ማፈኛ የሠራው ሂራም ፐርሲ ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1909 ነው የፈጠራ መብቱን ያገኘው፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሰዎች የለፉበትን ነገር ጓዳ ውስጥ መሞከር ለዓይንም ለእጅም አደጋ ነው። ጠብቅ፣ ጊዜው ያልፋል።

ማለዳ፣ ስትገዛ ማፈኛው በእጅ የሚፈታ ይሁን። የዒላማ .22 አረር ልብስ የሌለው እርሳስ ነው፣ ላዩ ላይ ሰም አለው። እርሳሱና ሰሙ ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ውስጡ ይጋገራል። ከ300 እስከ 500 ጥይት በኋላ ካልተፈታ ባፍሎቹ እርስ በርስ ይጣበቁና በመዶሻ ካልሆነ አይወጡም። ስትጠርግ ጓንት አድርግ፣ ደረቁን አትፈግፍግ፣ አቧራው እርሳስ ነውና ወደ ሳንባህ ይገባል፤ በዘይት አርጥበህ ሥራ። ምግብ የሚሠራበት ቦታ ላይ በፍጹም አታድርገው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሃለሁ። አቼቶና ሃይድሮጂን ፔሮክሳይድ ቀላቅለህ ንከረው፣ እርሳሱን ያሟሟዋል የሚሉ አሉ። ያሟሟዋል። የሚሟሟው እርሳስ ግን ሊድ አሴቴት ወደሚባል መርዝ ነው የሚለወጠው፤ በቆዳ ሁሉ ይገባል፣ ውኃውንም የምትደፋበት ቦታ የለህም። በዚህ መንገድ የሠራ የማውቀው ልጅ ባልዲውን ጓሮ ደፍቶት፣ እኔ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ትንንሽ ልጆች አሉት። አታድርገው።

ሃያ ሁለት

በዚሁ ላይ ስለ ከባድ ጥይት አስጠንቅቄህ ልለፍ። "ከባድ ስለሆነች ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ጸጥ ትላለች" ተብሎ ባለ 60 ግሬን ጥይት ይሸጣል። እውነት ነው ቀስ ትላለች። የአብዛኞቹ .22 በርሜሎች ውስጥ ያለው ጥምዝ ግን በ16 ኢንች አንድ ዙር ነው፣ ለ40 ግሬን የታሰበ። ለረጅሟና ለከባዷ ጥይት ያ ዙር አይበቃትም፣ እየተንገዳገደች ትወጣለች። ወረቀት ላይ መሳት ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ በማፈኛው ውስጥ ስታልፍ ባፍሉን ትመታለች። ፈጠን ያለ ጥምዝ የሌለው በርሜል ላይ ማፈኛ አሥረህ አትሞክራት።

እርጋታ

ከሁሉም ረጅም ጊዜ ዝም ያልነው የቻምበሩ ነገር ነው። በአንድ ሞዴል ውስጥ ተራ ቻምበርና የውድድር ቻምበር ያላቸው አሉ። የውድድሩ ጠባብ ነው፤ ቃታውን ስትዘጋ የአረሩ አፍንጫ ጥምዙ ውስጥ ነክሶ ይገባል፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሣል። ለወረቀት እሱን እመርጣለሁ። ግን ያጎረስካትን ጥይት ሳትተኩስ ላውጣ ስትል ቀለሁ ወጥቶ አረሩ በርሜሉ ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ባሩዱም ይበተናል። እንዲህ ካየህ ሌላ ጥይት ከማስገባትህ በፊት በርሜሉን በዘንግ አጽዳ።

ማለዳ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ የሆነውን ላድርስላችሁ።

ሲዜድ 457ን ወሰድኩ፣ ወፍራም በርሜል፣ 42 ሳንቲ ሜትር፣ የውድድር ቻምበር። ከቲካው ጋር ሁለት ቀን አመነታሁ። የቲካው ቃታ ይበልጥ ለስላሳ ነው፣ አልክድም። ዓይኔን ጨፍኜ ጉንጬን ስጥል ግን በሲዜዱ መነጽሩ ሙሉ ክብ ሆኖ ታየኝ፣ በቲካው አገጬን ማንሣት ነበረብኝ። እርጋታ፣ በአንቺ ምክር ነው የወሰንኩት። ጋሼ፣ ቃታውን ነቅዬ ዘንጉን አስገባሁ፤ ልክ መሐል ላይ ወጣ፣ ዙሪያውን ያለው ክፍተት እኩል ነበር። ለማረጋገጥ ማፈኛውን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ አሠርኩት።

አራት ዓይነት ጥይት ፈተንኩ። በ50 ሜትር፣ ከድጋፍ ላይ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ጊዜ አምስት ጥይት። የከፋው በአማካይ 24 ሚሊ ሜትር ላይ ተሰበሰበ፣ ደህናው 11 ላይ። ደህናው ከአራቱ ውድ የሚባለው አይደለም፤ ሳልገዛው ልተወው የነበረው ነው። በማፈኛው ምክንያት ማረፊያው ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አለ፣ እዚያው ቆየ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የዕለቱ የመጀመሪያ ጥይት ከቀሩት ይልቅ ይጮኻል። ጥይቷ ከድምፅ ፈጥና ነው እንዳልል አየሩ 24 ዲግሪ ነበር።

ባለ ቶርኖ

ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያዋ ስትተኮስ ማፈኛው ውስጥ ንጹሕ አየር አለ፣ አየሩ ውስጥ ኦክስጅን አለ። ትኩሱ ጋዝ እዚያ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይቀጣጠላል። ከዚያ በኋላ ውስጡ በተቃጠለ ጋዝ ስለሚሞላ የቀሩት ጸጥ ይላሉ። ቃታውን ከፍተህ ረጅም ጊዜ ካቆየኸው አየር ተመልሶ ይገባና ያው ይደገማል። ጉዳት የለውም።

ማለዳ

ዛሬ ሞከርኩት ጋሼ፣ እንዳሉት ነው። ቀለሁን ውስጥ ትቼ፣ ቃታውን ሳልከፍት ቆይቼ፣ ከዚያ ፈጥኜ አጉርሼ ስተኩስ ሁለተኛዋ ጸጥ አለች፤ ከፍቼ አሥር ደቂቃ ትቼው ስመለስ ጮኸች። በመክደኛው ሥር እንኳ ልዩነቱ ይታወቃል። ጥይቷ ከወረቀቱ ኋላ ያለውን የአፈር ክምር ስትመታ ደግሞ ድም ስትል ሰማኋት፣ በሦስት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው። ማታ ጋደም ስል ጆሮዬ ላይ አዲስ ነገር አልጨመረብኝም።

ቀለህ ለቃሚ

የ11ዱን ሣጥን የሎት ቁጥር ጻፍ። ዛሬውኑ። ሻጩ ዘንድ ያ ሎት ሳያልቅ የቻልከውን ያህል ሣጥን ውሰድ፣ የሚቀጥለው ሎት ሲመጣ ከዜሮ ነው የምትጀምረው።